እመቤቷና ምላጯ

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ዛሬ ነው። ባለ መቶ ገጽ። ሻጩ ለልጅህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ለራሴ ነው፣ ጸሐፊ ነኝ አልኩት። ዋሸሁ እንዴ? የማታ ትምህርቱን ከጨረስኩ አስራ ሁለት ቀኔ ነው። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አስራ አንድ ነበርን፤ ሦስቱ አቋርጠዋል፣ አንዷ አሮጊት ደግሞ መነጽራቸውን ረስተው ነው የተፈተኑት። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። መምህርቷ ፊደሎችህ የተደባደቡ ይመስላሉ ብላኛለች። እኔ ጽፌያቸው ምን ሊመስሉ ነበር? መዶሻው የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። በዚህ ከተማ እንደ እኔ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃና የለም፤ ካለም ተደብቋል።

ዛሬ ወደ ጋራዣችን ሁለት መኪኖች ተጭነው መጡ። ሁለቱም የጣሊያን፣ ሁለቱም ለሩጫ የተሠሩ፣ ሁለቱም አቧራ የለበሱ። ባለቤታቸው ሞቷል። ሚስትየው፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱም ተጠግነው እንዲያልቁ ይፈልጋሉ። ከዚያ አንዷን ያስቀራሉ፣ አንዷን ይሸጣሉ። የትኛዋ ትቅር የሚለውን ሁለቱንም አወዳድረን፣ የሠራነውንም ሁሉ ዘርዝረን በጽሑፍ እንድንሰጣቸው አዘዙ። አለቃችን ማን ይጽፋል ብሎ ሳይጨርስ እጄ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር።

ትንሹ ፈገግ አለ። ትንሹ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ሞተር ሠራተኛ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል፤ ከፍዬ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ማጅራቱን በጥፊ አልኩት፣ ለቀልድ። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ መሰለኝ።

ረቡዕ 5

አጠብናቸው። ስም አወጣሁላቸው።

ስልሳ ዓመት ያለፋት ቀይዋ እመቤቷ ናት። ሰውነቷ አሉሚኒየም ነው፣ በእጅ ተቀጥቅጦ የወጣ። ከጎማዋ በላይ እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ ስዳብስ የመዶሻውን ዳና አገኘሁት፤ ትንንሽ፣ ጥግ ጥጉን። አንድ ሰው፣ እንደ እኔ ጆሮው የደነቆረ፣ እንጨት ላይ አስደግፎ ቀጥቅጧታል። በገመድ ለካኋት። የግራ መብራቷ ከቀኙ በሁለት ጣት ከፍ ይላል። ማንም አይቶት አያውቅም። እኔ አየሁት።

አርባ ዓመት የሆናት ቢጫዋ ምላጯ ናት። ከፊት ስለት፣ ከኋላ ጉልበት። ሞተሯ ከሾፌሩ ማጅራት ጀርባ ነው። መብራቶቿ ተኝተው ይውላሉ፣ ሲፈለጉ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። መስኮቷ የሚከፈተው ለአንድ መዳፍ ብቻ ነው፤ ውስጧ እንደ ምድጃ ነው። ፍሪሲዮኗን መርገጥ ግድግዳ መግፋት ነው። ወደ ኋላ ምንም አይታይም። ግራና ቀኟን በገመድ ለካሁ፤ እኩል ነው። እኩል መሆኑ አናደደኝ።

ቅዳሜ 8

ምሳ ሰዓት ላይ ክርክር ተነሳ። ትንሹ ምላጯን ይወዳል። እመቤቷ ፀጉሯን አበጥራ እስክትጨርስ ምላጯ ደርሳ ትመለሳለች ይላል። እኔ ደግሞ ኋላዋን የማታይ መኪና ዕውር ናት አልኩ። ጥሩ ተናገርኩ፣ ሁለት ሰው ሳቀልኝ። ከዚያ እሱ፣ አንተ መኪና ከመግፋት አልፈህ ነድተህ ታውቃለህ ወይ አለኝ። በሰው ፊት።

እጄ ቀደመኝ።

ቅንድቡ ላይ ሁለት ስፌት። የምንኖረው እህታችን ቤት ነው፤ ምን ሆንክ ስትለው የመኪና ኮፈን ወደቀብኝ አላት። ኮፈኑም ተጎድቷል አልኩ እኔ። አልሳቀችም። እህታችን ቀልድ ከገባት የሚቀጥለው ዓመት ነው።

ማክሰኞ 11

በጥድፊያ። የእትዬ ልጅ መጣ። ትከሻው አልነው፤ በበር ሲገባ ዞር ብሎ ነው። እመቤቷን አባቱ ላንተ ናት ብሎት ነበር። አንድ ጭረት ባገኝባት የጨረውን ጣት እሰብራለሁ አለ። የዘበኛውን ወንበር በእግሩ አንስቶ ግድግዳ ላይ አሳረፈው፣ ማሳያ ይሁን ብሎ። ወንበሩ ሦስት እግር ቀርቶታል። ዘበኛው ቆሞ ውሏል።

እኔ አልፈራሁም። ከምላጯ ስር ሥራ ስለነበረኝ ነው የገባሁት።

ሐሙስ 13

እትዬ ዛሬ ብቻቸውን መጡ። ወንበር ባቀርብ እምቢ አሉና እመቤቷ ውስጥ ገቡ፣ ከሾፌሩ ጎን። ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። ለሳቸው የትኛዋ እንደምትሻል ጠየቅኳቸው። ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ባላቸው ነገሩኝ። ጨዋታ አዋቂ ነበር አሉ። በገባበት ቤት ሁሉ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ከዚያ ከፊታቸው ያለውን ቆዳ እየዳበሱ እንዲህ አሉ።

«የመጀመሪያውን ጥፊ የቀመስኩት እዚህ ወንበር ላይ ነው፣ ልጄ። ከመምታቱ በፊት ያፏጫል። ከመታኝ በኋላ ቀልድ ያወራል፣ እኔም እስቃለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳቅኩ።»

ምላጯስ አልኳቸው። ምላጯን ሲነዳ ሁለት እጁን መሪው ላይ ካላደረገ አትታዘዝለትም ነበር አሉ። ከዚያ ወርደው ሄዱ።

ምን ዓይነት ሰው ነው ሚስቱን የሚመታ? እኔ ሴት ነክቼ አላውቅም። ይህን በትልቁ እጽፈዋለሁ። ሴት ነክቼ አላውቅም። ከትንሹ ጋር ያለው የወንድማማች ጨዋታ ነው፣ ሌላ ነገር።

ሰኞ 17

ሞተሮቹን ትንሹ ጨርሷል። እንዲፈተኑ ወደ ተተወው የአውሮፕላን ማረፊያ ወሰድናቸው። እሱ ነዳ፣ እኔ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ከጎኑ።

መጀመሪያ እመቤቷ። አስራ ሁለቱ ሲሊንደሮች አንድ ላይ ሲነሱ ደረቴ ውስጥ ሰው የገባ መሰለኝ። መዞሪያው ላይ መሪዋ በመጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሰውነቷ አዘነበለ፣ ከዚያ ቂጧ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። ትንሹ በሁለት ጣት መለሳት። የምትናገር መኪና ናት። ልሄድብህ ነው ብላ ነግራህ ነው የምትሄደው።

ከዚያ ምላጯ። ነዳጅ ሲረግጥ አንገቴ ወንበሩ ላይ ተሰፋ። መዞሪያው ላይ ምንም። ዝም። መሪው ዝም፣ ወንበሩ ዝም፣ ከዚያ በቅጽበት ዓለም ዞረ። ሦስት ጊዜ። ቆመን ስናይ ፊታችን ወደ መጣንበት ነው፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። እርሳሴ ተሰብሯል። ትንሹ መሳቅ ጀመረ። መሪውን ሳይለቅ ይስቃል፣ ማቆም አቅቶት። በእኔ የሚስቅ መሰለኝ። አፉን መታሁት።

ጥርሱ ቀድሞም የተነቃነቀ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም። ደሙ ወንበሩ ላይ ጠብ ሲል በመጀመሪያ የጠረገው ወንበሩን ነው። ከዚያ አፉን።

ረቡዕ 19

አለቃ ትንሹን ምን ሆንክ አለው። ፈተና ላይ ነው አለ። አለቃም እኔን አየኝና፣ መዶሻው፣ አንተ የምትፈተንበት ቀን መቼ ነው አለኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቀልዱ ግን አይረባም።

ዓርብ 21

የእመቤቷ የግራ የፊት ፓራፋንጎ፣ ጎማውን የሚያለብሰው ማለት ነው፣ የቆየ ጥምዘዛ አለበት። ደርቋል። ስቀጠቅጠው ይሰነጠቃል እንጂ አይመለስም። ትንሹ አብጦ በቆየ ከንፈሩ መጣና፣ በቅድሚያ መለስለስ አለበት አለኝ። ደረቅ ሳሙና ቀባው፣ የጋዝ እሳት አስጠጋ፣ ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አንሳ። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይቀላም፤ ምልክት ሳይሰጥህ ነው የሚወድቀው አለ።

ልብስ የሚታጠበው ቤት ነው አልኩት። በጣም ሳቁ፤ አለቃ ራሱ እንባውን ጠረገ። ሃያ ዓመት ብረት ሲቀላ አይቻለሁ። ሳሙና!

ሁሉም ምሳ ሲወጡ ብቻዬን እሳቱን አስጠጋሁ። እስኪቀላ ጠበቅኩ። አልቀላም። ጠበቅኩ። ከዚያ እንደ ወተት ጠብ አለ፣ ጫማዬ ላይ። መዳፍ የምታሳልፍ ቀዳዳ።

ቆርቆሮው በሽተኛ ነበር። ድሮም በሽተኛ ነበር።

ቅዳሜ 22

ከስር የብረት ልባጥ። ከላይ ስቱኮ፣ መሙያው ማለት ነው፣ ሦስት ድርብ። በአሸዋ ወረቀት ላግኩት። እንደ እንቁላል ሆነ። ማንም አያውቅም።

ሰኞ 24

ትከሻው መጣ። እመቤቷን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ዞራት። አባቱ ያስተማረው ነው አለ፤ ጤነኛ ቆርቆሮ ይጮሃል፣ ስቱኮ የተቀባ ይደነቁራል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያለ መጣ። የግራው ፓራፋንጎ ላይ ዱብ አለ። ደግሞ መታው። ዱብ። ከኪሱ ስለት አውጥቶ ፋቀው። ብረቱ ታየ።

እሳቱን የያዘው ማን ነው አለ።

እኔ ምንም አላልኩም። አንድም ቃል ከአፌ አልወጣም፤ እዚያ የነበረ ሁሉ ይመስክር። ዓይኔ ብቻ ወደ ትንሹ ሄደ። ዓይን ወደ ፈለገው ይሄዳል።

ትከሻው የጎማ መፍቻውን አነሳ። የትንሹን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ጨፍልቆ ያዘና ሁለት ጊዜ አወረደበት። የመጀመሪያው ድምፅ የብረት ነበር። ሁለተኛው የብረት አልነበረም። አለቃና ዘበኛው ከኋላ አቅፈው ጎተቱት፤ ሁለቱንም ይዞ ወደቀ፣ የዘበኛው ግንባር ተፈነከተ።

እኔስ? እኔ ፓራፋንጎውን ደግፌ ይዤ ነበር። ብለቀው ይወድቃል።

ትንሹ አልጮኸም። ትከሻውንም አላየም። የሚያየው እኔን ነበር።

ሐሙስ 27

ሦስት ጣት ተሰብሯል። ሐኪሙ እጁ ውስጥ ብረት አስገብቷል። ብረት ከኛ ቤተሰብ ሊለቅ አልቻለም ብዬ ቀለድኩ። ነርሷ ጥላን ወጣች።

አለቃ ለፖሊስ እነግራለሁ ብሎ ነበር፤ ትከሻው ንገርና መኪኖቹ ነገ ይወጣሉ፣ ስምህም አብሮ ይወጣል አለው። አለቃ ፖሊሱን ተወው። ትንሹን ግን አባረረው። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ጋራዥ እጁ እስኪድን እያሳየም ቢሆን ይሥራልኝ ብሎ ሊቀበለው ነው፤ የሚፈልገው የሥራ ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። አለቃ ደግሞ፣ ለእትዬ የሚሰጠው ጽሑፍ ላይ እመቤቷን ያቃጠለው እሱ ነው ተብሎ ከተጻፈ እኔ ምን ብዬ ልመስክርለት ይላል። ጽሑፉን ይጠብቃል።

ጽሑፉን የሚጽፈው ማን ነው? እኔ።

ትንሹ ለምን እኔ አይደለሁም እንደማይል አይገባኝም። አፍ አለው። ቢናገር ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ይህ የሱ ጥፋት ነው።

እሑድ 30

እኔ ገበታ ላይ ስቀርብ እሱ ይነሳል። በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ ገና አልቻለም፣ ልብሱ ላይ ይፈሳል። ልስቅ ነበር፣ አልሳቅኩም። እህታችን እሱ ከወጣ በኋላ እሳቱን የያዘው ማን ነው አለችኝ። የሙያ ነገር ነው፣ አይገባሽም አልኳት። ሳህኑን አስቀመጠችና ድምጿን ሳታነሳ ተናገረች።

«ጨው ለማንሳት እጅህን ስትዘረጋ ፊቱን ይሸፍናል። ሠላሳ ዓመቱ ነው። አንድ ቀን አይተኸው ታውቃለህ?»

አላየሁም አልኳት። እውነቴን ነው። ዛሬ ግን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ባርኔጣዬን ላነሳ እጄን ከፍ አደረግሁ።

አየሁት።

በሚቀጥለው ወር፣ ረቡዕ 3

ስቱኮውን ፍቄ ጣልኩ። ልባጡን ነቀልኩ። ደረቅ ሳሙና ገዝቼ አሉሚኒየሙን ቀባሁ፣ እሳት አስጠጋሁ፣ ሲጠቁር አነሳሁ። እንደ ቆዳ ለሰለሰ። በጣቴ ገፋሁት፣ እሺ አለኝ። ሃያ ዓመት የለፋሁበትን ነገር በአንድ ሳሙና! ቀዳዳውን በራሱ ዘር ጠግኜ፣ በእንጨት መዶሻ ጥግ ጥጉን ሄድኩበት። አሁን ይጮሃል። እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሌላ ሰው አምጡልኝ። ሳሙናውን የነገረኝ ግን እሱ ነው።

ጽሑፉን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። በመጀመሪያው ቀዳዳው ድሮም ነበረ አልኩ። በሁለተኛው በጋራዡ ውስጥ በደረሰ አደጋ አልኩ። አደጋ ጥሩ ቃል ነው፤ ማንም የለበትም። ሦስተኛውን አጠፍኩት። ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነው፤ ይከብዳል።

ሰኞ 8

አነበብኩ። አለቃ፣ እትዬ፣ ትከሻውና ሠራተኛው ሁሉ ባለበት፣ በሁለቱ መኪኖች መካከል ቆሜ። ድምፄ መጀመሪያ ላይ ያምር ነበር። እንዲህ ይላል፦

«እመቤቷን የሠራት እጅ ነው፤ ግራና ቀኟ እኩል አይደለም። ምላጯ እኩል ናት። እመቤቷ ቀጭን መሪ አላት፣ መንገዱ ጠጠር ይሁን አሸዋ ለመዳፍ ትናገራለች። ምላጯ ትፈጥናለች፣ ታቃጥላለች፣ ጉልበት ትጨርሳለች። እመቤቷ ከመንሸራተቷ በፊት ታስጠነቅቃለች። ምላጯ ሳትናገር ትዞራለች። ስለዚህ የምትቀረው እመቤቷ ብትሆን ይሻላል እላለሁ። የግራ የፊት ፓራፋንጎዋን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ በሳሙና አድርግ ብሎኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። እሳቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። በስቱኮ የሸፈንኩትም እኔ ነኝ። ሲጠየቅ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

የመጨረሻውን ቃል ያነበብኩት መሬት ላይ ሆኜ ነው። ትከሻው ነው፤ መጀመሪያ አፍንጫዬን፣ ከዚያ ጆሮዬን፣ ከዚያ ጎኔን በእግሩ። ጎኔ ውስጥ አንድ ነገር ተቀነጠሰ። ሰዉ ሊይዘው ሲመጣ ሰምቻለሁ። እጄን አላነሳሁም። ባነሳው እንደሚጥለኝ አውቃለሁ፤ ግን ለዚያ አይደለም። ትንሹ ከታች ሆኖ የሚያየው ይህ ነው እንዴ እያልኩ ነበር። ጫማው ትልቅ ነው። ፊት አይታይም።

እትዬ በመካከላችን ገቡ። ልጃቸው የተነሳ እጁን አየር ላይ እንዳለ ተወው። እሳቸው እጁን ቀና ብለው አዩ።

«ከመምታትህ በፊት ስታፏጭ ነበር። ታውቀዋለህ?»

አላወቀም። እኔም አልሰማሁም፣ ጆሮዬ ድሮም አይሰማም። እትዬ ወደ አለቃ ዞረው እመቤቷ ትሸጥ፣ ምላጯ ትቀራለች አሉ። ባሌም እያፏጨ ያስጠነቅቅ ነበር አሉ፤ ምን ጠቀመኝ። ትከሻው የእመቤቷ ኮፈን ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያን የሚያህል ሰው ሲያለቅስ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናዋም አብራው።

ሐሙስ 11

ጎኔ ታስሯል፤ ሁለት አጥንት። ስስቅ ያመኛል፣ ስለዚህ የምስቅበት ሰው እፈልጋለሁ። አለቃ አላባረረኝም፤ ለስድስት ወር ግን እሳት አትነካም ብሎኛል። ለትንሹ የምስክር ወረቀቱን ጻፈለት፣ ማኅተም መታለት። የጽሑፌን ግልባጭ አያይዞ ለትንሹ እንድሰጠው ለኔ ሰጠኝ።

ጋራዡ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት የሚያነብ ማን አለ? ዘበኛው እጄን ጨበጠኝ። መምህርቷ ብትሰማ ትኮራለች። ትንሹም ሲያነበው ምን እንደሚለኝ አስቤያለሁ። ብዙ አይናገርም፣ ግን ትከሻዬን ይይዛል። እኔም ተወው፣ ምን አደረግሁ እለዋለሁ።

ቅዳሜ 13

ትንሹ ልብሱን ሸክፎ ሊሄድ ነው። አውቶቡሱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እህታችን ሻንጣውን ዘግታ ወጣች፣ ለብቻችን ተወችን። ግልባጩን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ፈጣን አንባቢ ነው። እኔ ፊቱን እያየሁ ጠበቅኩ። በጥንቃቄ አጠፈው፣ በአንድ እጁ ስለሆነ ጊዜ ወሰደበት።

«የፓራፋንጎውን ጻፍክ» አለ። «የኔንስ?»

ያንተ ከመቶ ገጽ በላይ ነው ልለው ነበር። ቀልዱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ላቅፈው ነው፤ እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ግድግዳው ያዘው። እዚያው ቆምኩ። ሻንጣውን በግራ እጁ አንስቶ፣ በእኔና በበሩ መካከል ያለውን ቦታ በዓይኑ ለክቶ፣ ወጣ።

እሑድ 14

ሰው የለም። እህታችን ወጥታለች። ደብተሩ ብዙ ባዶ ገጽ አለው።

አንደኛ። ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እኔ አስራ ሰባት። ጫማዬን አድርጎ ወጥቶ ጭቃ አስነካው። በቀበቶ። አምስት ይሁን ስድስት ጊዜ አላስታውስም። ከዚያ እንደ ዶሮ እየጮህኩ ቤቱን ዞርኩ። እየተንሰቀሰቀ ሳቀልኝ።

ሁለተኛ። በዚያው ሳምንት።